ሐረጎን ሲወርድ የሚጠብበው ኦክታቭ

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዙ ሲወርዱ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ከተቀመጠችው ከተማ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ይደረሳል። ጠዋት ጋቢ ደርቦ ከደሴ የተነሣ መንገደኛ ገና መናኸሪያው ሳይደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ይሸጉጣል። የከፍታው ልዩነት ብቻውን የአየሩን ሙቀት በ4 ዲግሪ ያህል ያሳድጋል። ማለዳ ደሴ ላይ መኪና የተጫነ፣ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ በሰርግ ድንኳን ውስጥ የሚከፈት ዕቃ ደግሞ 10 ወይም 15 ዲግሪ ልዩነት ቢገጥመው አይደንቅም።

ዕቃው የ1970ዎቹ አናሎግ ሲንተሳይዘር ነው እንበል። በሰፈር አነጋገር ባለ ቁልፍ መሣሪያ ሁሉ “ኦርጋን” ነውና፣ ጫኙ የሚያውቀው ኦርጋን መጫኑን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሲከፈት ግን ጠዋት ከተቃኘበት ቦታ ላይ የለም። ሳክስፎኑ አንድ ቦታ፣ ኦርጋኑ ሌላ ቦታ ሆነው ይገናኛሉ።

ስለዚህ መንሸራተት በሙዚቀኞች፣ በቀረጻ ባለሙያዎችና በአሮጌ ካሴት ወዳጆች ዘንድ የሰፈነ አንድ እምነት አለ። የድሮ ማሽን ነፍስ የሚኖረው በትክክል ስለማይቆም ነው፤ ዲጂታሉ በድን የሆነው ንቅንቅ ስለማይል ነው፤ መሐንዲሶቹ ድምፁን የሚያመነጨውን ኦሲሌተር ባረጋጉት ቁጥር ሙዚቃውን ገደሉት ይባላል። ንግግሩ ለጆሮ ይጥማል። ሰው ይሳሳታል፣ ማሽኑም ይሳሳታል፣ ስለዚህ ማሽኑ ሰው ሰው ይሸታል እንደ ማለት ነው። ስሕተቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ኦሲሌተር በቀላሉ ሲታሰብ ከቧንቧ ሥር የተቀመጠ እንስራ ነው። ካፓሲተር የሚባለው እንስራ በኤሌክትሪክ ይሞላል፤ አፉ ላይ ሲደርስ ሰርኪዩቱ በአንድ አፍታ ይደፋውና እንደገና መሙላት ይጀምራል። በሰከንድ 440 ጊዜ ከሞላና ከተደፋ፣ ሙዚቀኞች “ላ” ብለው የሚቃኙበት ድምፅ ይሰማል። ቧንቧው ሰፋ ብሎ ቢከፈት እንስራው ቶሎ ቶሎ ይሞላል፣ ድምፁም ይቀጥናል።

ቧንቧውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ትራንዚስተር ነው። የሲንተሳይዘር ሠሪው ሮበርት ሞግ ያስለመደው ሕግ፣ 1 ቮልት ሲጨመር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይውጣ ይላል። አንድ ኦክታቭ መውጣት ማለት ደግሞ ፍሰቱ እጥፍ መሆን ነው። ቮልቱ በመደመር ሲሄድ ፍሰቱ በማባዛት መሄድ አለበት ማለት ነው፤ መደመርን ወደ ማባዛት የሚተረጉም አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ትራንዚስተር በተፈጥሮው ይህን ሥራ ይሠራል፣ ያውም በርካሽ። ጣጣው ያው ትራንዚስተር ጥሩ የሙቀት መለኪያም መሆኑ ነው፤ የሙቀት መጠን ለመለካት በብዙ ዕቃ ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው። አስተርጓሚው የተነገረውን ብቻ አይተረጉምም፤ የአየሩንም ሁኔታ ጨምሮ ይናገራል።

ምን ያህል? በክፍል ሙቀት ላይ የአንድን ትራንዚስተር ፍሰት እጥፍ ለማድረግ 18 ሚሊቮልት ያህል ይበቃል፤ 1 ቮልቱ ትራንዚስተሩ ዘንድ የሚደርሰው ወደዚህ ተቀንሶ ነው። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ደግሞ ያው ትራንዚስተር 2 ሚሊቮልት ያህል የተጨመረለት ይመስል ፍሰቱን ያሳድጋል። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ በአንድ ዲግሪ የኦክታቭ አንድ ዘጠነኛ ይሸሻል። ሙዚቀኞች ኦክታቭን በ1,200 ሴንት፣ ግማሽ ቶንን በ100 ሴንት ይለካሉ። አንድ ዘጠነኛው 133 ሴንት ነው፤ በአንድ ዲግሪ ብቻ ከግማሽ ቶን በላይ! ባዶውን የተተወ አንድ ትራንዚስተር ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ድምፁ ከአንድ ኦክታቭ በላይ ይወጣል። መንሸራተት ነፍስ ከሆነ፣ ከሁሉ በላይ ነፍስ ያለው መሣሪያ ይህ ነበር። ማንም ግን ሊዘፍንበት አልሞከረም።

መሐንዲሶቹ የመጀመሪያውን መድኃኒት ያገኙት በጥንድ ነው። ሁለት አምሳያ ትራንዚስተሮች ጎን ለጎን፣ ቢቻል በአንድ ቅርፊት ውስጥ ይቀመጣሉ። አንዱ ሲሞቅ ሌላውም እኩል ይሞቃል፤ ሰርኪዩቱ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚያነብ ትልቁ ሽሽት ይጠፋል። የአርፕ ኩባንያ መሥራች አለን ፐርልማን በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መሣሪያዎቹን ሲሸጥ ዋና መኩሪያው ይኸው ነበር፦ ሲንተሳይዘሩ ቅኝቱን አይለቅም።

ነገሩ ግን እዚህ አላበቃም። ጥንዱ ትልቁን ሽሽት ቢገታም ያ 18 ሚሊቮልት የተባለው ቁጥር ራሱ ከሙቀት ጋር ያድጋል፤ በ1 ዲግሪ 0.33 በመቶ ያህል። ትንሽ ይመስላል። የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከፊተኛው የሚለይ ዓይነት ስለሆነ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ሙቀት ሲጨምር ያው 1 ቮልት የሚያስወጣው ከአንድ ኦክታቭ ያነሰ ይሆናል፤ ኦክታቩ ይጠብባል። በ1 ዲግሪ 4 ሴንት፣ በ10 ዲግሪ 40 ሴንት። ደሴ ላይ 1,200 የነበረው ኦክታቭ ኮምቦልቻ ላይ 1,160 ሆኖ ይገኛል። ሦስት ኦክታቭ ተኩል በሚሸፍን የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ 140 ሴንት ይጎድላል ማለት ነው።

“ታዲያ መቃኛዋን ዞር ማድረግ ነው” የሚል አይጠፋም። አይሆንም። የመቃኛ ቁልፍ ሰፈሩን በሙሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዛውራል እንጂ በቤትና በቤት መካከል ያለውን ርቀት አያሰፋም። ተጫዋቹ የታችኛውን ድምፅ ከቤዝ ጊታሩ ጋር ሲያስማማ የላይኛው ከሳክስፎኑ ይጣላል፤ የላይኛውን ሲያስታርቅ የታችኛው ያኮርፋል። መሰንቆ ተጫዋች ቢሆን ጣቱን ፈቀቅ አድርጎ ይገላገል ነበር። የቁልፍ ሰሌዳ ፈቀቅ አይልም።

የወሎ ሙዚቃ ደግሞ ርቀት ላይ የቆመ ሙዚቃ ነው። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው ከዚሁ አካባቢ ነው፤ አንዱ ከደሴ በስተሰሜን ካለው ተራራማ አገር፣ ሌላው ከኮምቦልቻ በደጋን አድርጎ ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ከሚደርስባት የገበያ ከተማ። ሙሉ ትዝታን ከግማሽ ትዝታ የሚለየው ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ በአንድ ግማሽ ቶን መውረዳቸው ነው። ያ 100 ሴንት ያህል ነው። ድምፁ ወደ 50 ሴንት ሲሸሽ አድማጩ ትዝታው ሙሉ ይሁን ግማሽ መለየት ያቅተዋል። አምባሰልም መለያው ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ ያለችው ጠባብ እርምጃ ናት። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስትዘፍን ያችን እርምጃ እንዴት እንደምትረግጣት የሰማ ሰው፣ ድምፃዊቷ ወዴት እንደምትሄድ አውቃ የምትሄድ መሆኗን አይጠራጠርም። እርምጃዋን ትራንዚስተር ይወስንላት ማለት ድፍረት ነው።

የዘፋኝ ድምፅም ይንቀሳቀሳል እኮ፣ ይባላል። አዎ፣ ይንቀሳቀሳል። የድምፅ መርገብገብ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ መሐሉን ሳይለቅ፣ ዘፋኙ ሲፈልግ ጀምሮ ሲፈልግ ያቆመዋል። የኦሲሌተር የሙቀት ሽሽት ግን በደቂቃዎች የሚለካ ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ተመልሶ አይመጣም፣ ማንም አላዘዘውም። ጆሮ የአሥር ደቂቃን ጉዞ እንደ ስሜት አይሰማውም። በመጀመሪያው ዘፈን ላይ ምንም አይሰማም፤ በአራተኛው ላይ ግን ዘፋኟ ዞር ብላ ኦርጋኒስቱን ታየዋለች።

በሌላ በኩል፣ ተጫዋቹ ሁለት ኦሲሌተሮችን ሆን ብሎ በጥቂቱ ሲያለያያቸው የሚፈጠረው ውፍረት እውነተኛ ውበት ነው። አንዱ 440፣ ሌላው 441 ላይ ቢቆሙ ድምፁ በሰከንድ አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ እንደሚተነፍስ ደረት ይነፋል፤ ብዙዎች “የአናሎግ ሙቀት” የሚሉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ልዩነቱ 1 ሆኖ እንዲቆይ ሁለቱም መርጋት አለባቸው። ካልረጉ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልዩነቱ 6 ይሆንና እስትንፋሱ ወደ መንቀጥቀጥ ይለወጣል። የሚወደሰው ውፍረት የመርጋት ፍሬ ሆኖ ሳለ ምስጋናው ለመንሸራተት ሲሰጥ፣ የአንዱን ሥራ ለሌላው መክፈል ነው።

የአገሩ ሙዚቀኛ ይህን ድሮም ያውቀዋል፣ ያለ ትራንዚስተር። የመሰንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው፣ ሆዱም ቆዳ፤ ጭጋግና ዝናብ ያላሉታል። የከበሮና የድቤ ቆዳ በደጋ ብርድ ይረግባል፤ ስለዚህ ከመመታቱ በፊት እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ይሞቃል። የረገበ ከበሮ ይዞ “ነፍሱ እንዲህ ነው” ብሎ ለመንዙማ የሚቀመጥ የለም። አዝማሪው በየመሐሉ ጆሮውን ወደ ክሩ ጠጋ አድርጎ መቃኛውን ጠበቅ የሚያደርገውም መሣሪያው እንዲሸሽ ስላልፈቀደለት ነው።

የካሴት ዘመንን ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለው። የቴፕ ድንጋይ ሲደክም ዘፋኙ ድምፁ ይጎተታል፣ ይወፍራል፣ ዘፈኑ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሚደረገው ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነበር። ዛሬ በአሮጌ ካሴት ላይ የሚሰማውን መዋዠቅ ሁሉ የሲንተሳይዘሩ ነፍስ አድርጎ የሚተርክ ሰው ከሚሰማው ብዙው የቴፑ ሞተር፣ የተሳሳበው ሪባንና በተደጋጋሚ የተቀዳው ቅጂ ሥራ መሆኑን ይዘነጋዋል።

የመሣሪያው ታሪክም ለዚህ እምነት አይመሰክርም። ሲንተሳይዘርን ለዓለም ያስተዋወቀው የዌንዲ ካርሎስ “ስዊችድ ኦን ባህ” በ1968 ሲወጣ፣ የሞግ ሲንተሳይዘሩ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ፣ ቅኝቱንም የማይጠብቅ ስለነበር፣ ሥራው ጥቂት ጥቂት እየተቀዳ፣ በየመሐሉ እንደገና እየተቃኘ ነበር የተገጣጠመው። ያ አልበም የመንሸራተት ሳይሆን መንሸራተትን የማሸነፍ ትዕግሥት ውጤት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሚኒሞግ ፊቱ ላይ “ላ”ን 440 ላይ የሚያሰማ ማብሪያ ተደርጎለታል፤ ተጫዋቹ መድረክ ላይ እየተመለሰ እንዲቃኝበት። የኋለኞቹ ሚኒሞጎች ደግሞ ፌርቻይልድ የሠራውን የራሱ ማሞቂያ ያለው ጥንድ ትራንዚስተር ይዘው ወጡ። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ አየሩን መግታት ካልተቻለ ትራንዚስተሩን ከየትኛውም ክፍል በላይ አሙቆ እዚያው ማቆየት። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ለዚያ ቺፕ አንድ ናቸው። (መብራት እልም ብሎ ሲመጣ ግን እንደገና እስኪሞቅ መጠበቅ ግድ ነው፤ ይህን የቺፑ ሠሪዎች ያሰቡበት አይመስልም።)

በ1978 የወጣው ፕሮፌት-5 ሲንተሳይዘር አምስት ድምፅ፣ አሥር ኦሲሌተር ነበረው። አሥር ኦሲሌተር በእጅ መቃኘት የማይታሰብ ስለሆነ፣ ውስጡ ያለው ኮምፒዩተር አንድ ቁልፍ ሲጫኑት አሥሩንም ለክቶ ያርማቸዋል። በ1980 ደግሞ መሣሪያው በዳግ ከርቲስ ቺፖች እንደገና ተሠራ፤ በእነዚህ ውስጥ የሙቀት ማስተካከያው ከኦሲሌተሩ ጋር በአንድ ቁራጭ ሲሊኮን ላይ ነበር። የዚያ ዘመን ዘፈኖች ብዙዎቹ በእነዚህና በአምሳያዎቻቸው የተሠሩ ናቸው። ዛሬ “የአናሎግ ወርቃማ ዘመን” ብሎ የሚጠራው ሰው የሚያወድሰው ኦሲሌተሮቹ የረጉበትን ዘመን ነው።

የኢትዮጵያው ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው በኦርጋኒስቱ በኃይሉ መርጊያ ሥራ ላይ ነው። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን የቀረው ኃይሉ፣ በ1985 “ኃይሉ መርጊያ እና ክላሲካል መሣሪያው” የተባለውን ካሴት ሲቀዳ፣ አኮርዲዮንን ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሞግ ሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር ደራርቦ ብቻውን ተጫወተው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለምን ሲዞር፣ ያን ድምፅ “የሚንሳፈፍ”፣ “የሚዋዥቅ”፣ ስለዚህም “ነፍስ ያለው” እያሉ የሚያወድሱ በዙ።

እስቲ ስለ አኮርዲዮን ይታሰብ። ድምፁ የሚወጣው ከብረት ምላስ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ተሞርዶ የተቃኘ ነው፤ ተጫዋቹ መድረክ ላይ ሊቃኘው አይችልም። ሮድስም የተመታ ብረት ነው፤ ለመቃኘት ተከፍቶ በእያንዳንዱ ብረት ላይ ያለው ጥቅል ሽቦ መገፋት አለበት። ከሦስቱ ቁልፍ ዞር ተደርጎ ሊስተካከል የሚችለው ሞግ ብቻ ነው። በአንድ ሰው እጅ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ የሚቀዳ ሙዚቃ ውስጥ፣ ትላንት የተቀዳው አኮርዲዮን ዛሬ ለሚቀዳው ሞግ አይለምጥለትም። ስለዚህ ከቀረጻው ፊት የቆመው ሥራ ሞጉን ወደ ብረቱ ማምጣትና እዚያ ማቆየት ነው። በካሴቱ ላይ የሚሰማው ልስላሴ የኃይሉ ጣት፣ የአኮርዲዮኑ እስትንፋስና የትዝታ አወራረድ ነው። ይህን ለትራንዚስተር ብርድና ሙቀት መስጠት ባለሙያውን ከሥራው መንጠቅ ይሆናል። ማሽኑ በስሕተት ያማረ ከሆነ፣ ሰውየው ምን ሠራ?

ከተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ ሁሉ አንዱ በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል። “የረጋ ኦሲሌተር የፈረንጅ ቅኝት አሽከር ነው፤ ኦክታቩን ለአሥራ ሁለት እኩል ከፍሎ ያስራል፤ የእኛ ቅኝት ግን እኩል አይከፈልም፤ መንሸራተቱ ቢያንስ ከዚያ እስር ያስፈታል” ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። በእኩል የተከፈለ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ የተዘፈነ አምባሰል ልብስ በልኩ እንዳልተሰፋለት ሰው ነው፤ ከ1980ዎቹ በኋላ ባንዶች እየሳሱ አንድ ኪቦርድ ሁሉን ሲተካ ይህ ቅሬታ በየሰርጉ ተሰምቷል። ሁለተኛው ግማሽ ግን አይከተልም። መርጋት የት ቦታ መቆም እንዳለበት አይናገርም፤ የተቀመጠበት ቦታ እንዲቆይ ያደርጋል እንጂ። አንድ ተጫዋች የአምባሰልን ጠባብ እርምጃ 90 ሴንት ወይም 110 ሴንት ላይ ማስቀመጥ ቢፈልግ፣ በቮልት የሚታዘዝ ኦሲሌተር ለዚህ ምቹ ነው፤ ሚሊቮልቱን መምረጥ ብቻ ነው። 10 ሴንት ማለት ግን 8 ሚሊቮልት ያህል ነው። ኦሲሌተሩ በፀሐይና በጥላ መካከል 40 ሴንት የሚሸሽ ከሆነ፣ ያች በጥንቃቄ የተመረጠች 10 ሴንት ምን ትሆናለች? እኩል ያልሆነውን ቅኝት ለመያዝ የበለጠ እንጂ ያነሰ መርጋት አያስፈልግም።

ገበያውም ሳያስበው መስክሯል። በ2020 እንደገና የወጣው ፕሮፌት-5 ላይ “ቪንቴጅ” የምትባል ቁልፍ አለች፤ ወደ አንድ በኩል ስትዞር መሣሪያው ይረጋል፣ ወደ ሌላው ስትዞር እንደ ድሮዎቹ ይዋዥቃል። ሰዎች ይህችን ቁልፍ ለመንሸራተት ወገን እንደ ማስረጃ ይጠሯታል። ነገር ግን ቁልፏ ልትኖር የቻለችው ከሥሯ የረጋ ኦሲሌተር ስላለ ነው። የሚዋዥቀውን መሣሪያ ማርጋት ዓመታት ፈጅቷል፤ የረጋውን ማዋዠቅ ግን በአንድ ቁልፍ አለቀ።

ይህ ሁሉ የአሮጌ ዕቃ ጥገና ላይ ሲደርስ ዋጋ ያስከፍላል፤ “ነፍሱ ነው” የሚለው ቃል ለሰነፍ ጥገና መሸሸጊያ ሆኗልና። በብዙ አናሎግ ሲንተሳይዘሮች ውስጥ፣ ከጥንዱ ትራንዚስተር አጠገብ፣ ሙቀት ሲጨምር ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ በ1 ዲግሪ 0.33 ወይም 0.35 በመቶ ያህል የሚያድግ ልዩ ሬዚስተር አለ። የኦክታቩን መጥበብ የሚያካክሰው እሱ ነው። እሱ ባለበት ያ የ40 ሴንት ጉድለት ወደ 2 ወይም 3 ሴንት ይወርዳል። ሲቃጠል ግን፣ ብዙ ጊዜ መልኩ ከሌሎች ስለማይለይ፣ ዋጋውም 1 ኪሎ ኦም ስለሆነ፣ ጠጋኙ ከመሳቢያው ተራ 1 ኪሎ ኦም አውጥቶ ይበይድበታል። ጠረጴዛው ላይ ማሽኑ ደህና ይጫወታል። ባለቤቱ ከፍሎ ይወስደዋል። ድንኳን ውስጥ ኦክታቩ ሲጠብብ “አናሎግ እኮ እንዲህ ነው” ይባላል።

እንዲህ ያለ ዕቃ የያዘ ኦርጋኒስት ከመሸከሙ በፊት ቀላል ፈተና አለው። አብርቶ ግማሽ ሰዓት ይተወው፤ ከዚያ “ላ”ን ብቻ ሳይሆን ሦስት ኦክታቭ የሚራራቁ ሁለት ድምፆችን በመቃኛ መሣሪያ ይለካ፤ ዕቃውን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ለአንድ ሰዓት አስቀምጦ እንደገና ይለካ። በሁለቱ ልኬት መካከል ርቀቱ ከጠበበ ክዳኑ ይከፈት። ሬዚስተሩ ካለም ከጥንዱ ትራንዚስተር ጋር ገላ ለገላ መነካካቱ ይታይ፤ በጥቂት ሚሊሜትር ተራርቆ ከተበየደ የሚለካው የሳጥኑን አየር እንጂ የትራንዚስተሩን ሙቀት አይደለም።